አካውንቱን አትግዢ፣ ቤተ መጻሕፍቱን ጠይቂ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከሀዋሳ ነው። ትንሽ አሳጥሬ አቅርቤዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ሀዋሳ ውስጥ የሕክምና ተማሪ ነኝ። ዘንድሮ ሲ ዋን፣ ማለትም ሆስፒታል ውስጥ የምንማርበት የመጀመሪያው ዓመት፣ ገብቻለሁ። ስልኬ ከቴሌግራም ባወረድኳቸው ፒዲኤፎች ሞልቷል። ቦታ ጠቦኝ ፎቶዎቼን ሁሉ አጥፍቻለሁ። ጥያቄ ሲመጣ ግን መልሱን የት እንደምፈልግ አላውቅም።

በቅርቡ ለማህበረሰብ ጤና ፊልድ ወደ አንድ የስምጥ ሸለቆ ቀበሌ ወጥተን ነበር። ብዙ ልጆች ጥርሳቸው ቡናማ ነው። አንዲት እናት 'ምን ይሻለዋል?' ብላ ልጇን አሳየችኝ። ምንም አልመለስኩላትም። ከዚያ ለሴሚናር ስዘጋጅ አንድ ፒዲኤፍ ላይ 'ውሃ ላይ ፍሎራይድ መጨመር የሕጻናትን ጥርስ ይጠብቃል' የሚል አገኘሁ። እሱን አቀረብኩ። መምህራችን 'ልጄ፣ የምታወሪው ስለየት አገር ውሃ ነው?' አሉኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጄን አላወጣሁም።

ቤተ መጻሕፍት ያሉት መጻሕፍት የቆየ ኤዲሽን ናቸው። ጽሑፍ ኢንተርኔት ላይ ሳገኝ ደግሞ በዶላር ክፈሉ ይላል። አንድ ሲኒየር፣ የትልልቅ የሕክምና ድረ ገጾችን አካውንት በየወሩ የሚያከራይ ሰው አለ አለኝ። የአክስቴ ልጅ ሌላ ከተማ የጥርስ ሕክምና ይማራል፤ እኩል አዋጥተን እንግዛ እያለኝ ነው። ቤተሰቦቼ ከሚልኩልኝ ላይ ቆርጬ ልግዛ? ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ ዋናውን ላስቀድምልሽ። አካውንቱን አትግዢ።

ያ ሰው የሚያከራይሽ የራሱን አይደለም። አንድ ሐኪም ወይም አንድ ተቋም ውጭ አገር የከፈለበትን ስምና ፓስወርድ ነው። ከብዙ ቦታ ሲከፈት ድረ ገጹ ይዘጋዋል። ሲዘጋ ብርሽን የምትጠይቂው ሰው አይኖርም። ቤተሰቦችሽ የሚልኩልሽ ገንዘብ ደግሞ ለምን እንደሆነ አንቺም እኔም እናውቃለን።

ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ልትገዢው ካሰብሽው ውስጥ አብዛኛው ለአንቺ ከተከፈተ ቆይቷል። ይህን ስጽፍ ልቤ ይቃጠላል፤ ዕድሜዬን በቤተ መጻሕፍት ያሳለፍኩ ሰው ነኝና። ተማሪው በር ላይ ቆሞ ብር ሲቆጥር፣ በሩ ሳይቆለፍ ቀኑን ሙሉ ሲውል አይቻለሁ።

በሩ ሂናሪ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2002 የዓለም ጤና ድርጅት ከ6 ትልልቅ አሳታሚዎች ጋር ሆኖ የጀመረው ነው። ዛሬ ብዙ አሳታሚዎች ገብተውበት፣ ሪሰርች ፎር ላይፍ ከሚባለው ሰፊ ፕሮግራም ውስጥ የጤናው ክፍል ሆኗል። ዓላማው ግልጽ ነው፤ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ያሉ ሐኪሞችና ተማሪዎች የሕክምና መጽሔቶችንና መጻሕፍትን እንዲያነቡ። ኢትዮጵያ ያለችው ምንም በማይከፍሉት አገሮች ምድብ ውስጥ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች፣ የሕክምና ኮሌጆች፣ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ይመዘገባሉ። የሚመዘገበው ተቋሙ ነው፤ አንቺ በግልሽ አትመዘገቢም። የመግቢያ ስሙና ፓስወርዱ ቤተ መጻሕፍቱ ዘንድ ይቀመጣል።

ስለዚህ ነገ ስትሄጂ መጽሐፍ ከሚያውሱበት ጠረጴዛ አልፈሽ፣ የዲጂታል ላይብረሪውን ወይም የሪፈረንስ ክፍሉን ኃላፊ ፈልጊ። «ጋሼ፣ የሂናሪ መግቢያችንን ይስጡኝ፤ ከግቢ ውጭም መጠቀም ይቻል እንደሆነ ይንገሩኝ» በያቸው። ይኸው ነው። የሚያፍሩበት ጥያቄ አይደለም። እኔ እንዲህ ብሎ የመጣ ተማሪ ሳይ ቀኔ ይበራል። አብዛኛው የሚመጣው ሶኬት ፍለጋ ነው።

ፓስወርዱን ስታገኚ ሁለት ነገር አደራ።

አንደኛው፣ ሁልጊዜ በሂናሪ ፖርታል በኩል ግቢ። «ክፈሉ» የሚልሽ እኮ ከጉግል ተነስተሽ በቀጥታ አሳታሚው ድረ ገጽ ላይ ስለምትወድቂ ነው። አሳታሚው አንቺን አያውቅሽም። በፖርታሉ ሎግ ኢን አድርገሽ፣ እዚያው የመጽሔቱን ስም ፈልገሽ ከከፈትሽው ግን ያው ጽሑፍ ሳያስከፍል ይከፈታል። ሁሉም አሳታሚ ለሁሉም አገር አልፈቀደም፤ አንዳንዱ ተዘግቶ ታገኚዋለሽ። የሚከፈተው ግን ለሲ ዋን ተማሪ ከበቂ በላይ ነው።

ሁለተኛው፣ ፓስወርዱን ቴሌግራም ላይ አትልቀቂው። ለአክስትሽ ልጅም ቢሆን። ፓስወርዱ ከተቋሙ ውጭ ከወጣ፣ ወይም አንድ ሰው መጽሔት በጅምላ ዳውንሎድ ካደረገ፣ የተቋሙ መግቢያ በሙሉ ሊታገድ ይችላል። ያኔ የሚጎዳው ባችሽ ብቻ አይደለም። ሌሊት ተረኛ ሆኖ አንድ ነገር ማረጋገጥ የፈለገው ሪዚደንትም ነው።

አሁን ወደዚያ ሴሚናር ልመለስ። እዚያ ላይ ረዘም አድርጌ ላወራሽ እፈልጋለሁ፤ ችግርሽ ያለው እዚያ ይመስለኛል።

ያነበብሽው ውሸት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ግራንድ ራፒድስ የምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1945 ጥርስን ለመጠበቅ ብላ ፍሎራይድ የሚባለውን ማዕድን ቧንቧ ውሃዋ ላይ መጨመር ጀመረች። ሌሎች ተከተሏት። እዚያ የሚመከረው መጠን ዛሬ በሊትር 0.7 ሚሊ ግራም ነው። የእነሱ ውሃ በተፈጥሮው ፍሎራይድ ያንሰዋል።

የእኛ ስምጥ ሸለቆ ግን የእሳተ ገሞራ ምድር ነው። የከርሰ ምድር ውሃው በእነዚያ ዐለቶች መካከል ሲያልፍ ፍሎራይድ እያሟሟ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ከዚህ አይለፍ የሚለው መጠን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ብዙ የስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ከዚያ በላይ ናቸው። ጥርስ ድድ ውስጥ እየተሠራ ባለበት የልጅነት ዕድሜ ይህን ውሃ የጠጣ ልጅ፣ ጥርሱ ሲበቅል ነጭ ነጠብጣብ ወይም ቡናማ ይሆናል። ዴንታል ፍሉሮሲስ የሚሉት እሱን ነው። አዳማ አጠገብ በወንጂ ደግሞ፣ ለብዙ ዓመታት እንዲህ ያለ ውሃ የጠጡ የስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች አጥንታቸውና አከርካሪያቸው ጭምር እንደተጎዳ ተመራማሪዎች መዝግበውታል።

መምህርሽ የጠየቁሽ ይህን ነው። ፒዲኤፉ ለዚህ መልስ የለውም፤ የተጻፈው ለሌላ ውሃ ነውና። ፋይል ማጠራቀም የማይበቃው ለዚህ ነው። ጥያቄሽን ይዘሽ ተነሺ፤ መጽሐፉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

እስኪ አብረን እንፈልገው። ጥያቄውን ቆራርጪው። ስለ ማን ነው? በስምጥ ሸለቆ ስለሚኖሩ ልጆች። ምን ነካቸው? ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ። ምን አመጣባቸው? ፍሉሮሲስ። ምን ይደረግ? ፍሎራይዱን ማውጣት፣ ወይም ውሃውን መቀየር። አራት ቁራጭ አገኘሽ።

ፐብሜድን ክፈቺ። ይህ የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት የሚያስተዳድረው ማውጫ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ለማንም ነጻ ነው፤ ፓስወርድ የለውም። በእንግሊዝኛ «ፍሉሮሲስ፣ ዴንታል» ብለሽ፣ «ኤንድ» የምትለዋን ቃል በትልልቅ ፊደል አስገብተሽ፣ «ኢትዮጵያ» ብለሽ ጻፊ። የመጀመሪያው ፐብሜድ ራሱ የሚጠቀምበት ስያሜ ነው፤ ሜሽ ይሉታል። ጸሐፊው «ቡናማ ጥርስ» ቢልም «የተበላሸ ኢናሜል» (የጥርስ የላይኛው ሽፋን) ቢልም፣ ማውጫው በዚያ አንድ ስም ስር ይሰበስበዋል። በግራ በኩል «ፍሪ ፉል ቴክስት» የሚለውን ስትጫኚ ሙሉው ጽሑፍ በነጻ ያለው ብቻ ይቀርልሻል። ያልተከፈተውን ደግሞ ርዕሱን ገልብጠሽ ሂናሪ ላይ ፈልጊው። ፐብሜድና ፐብሜድ ሴንትራል የተለያዩ መሆናቸውንም እወቂ። የመጀመሪያው ማውጫ ነው፤ ሁለተኛው ሙሉ ጽሑፎች የተቀመጡበት ነጻ ማከማቻ።

ቀጥለሽ የአገራችንን መጽሔቶች እይ። ከጅማ የሚወጣው የኢትዮጵያ ጤና ሳይንስ መጽሔት ፐብሜድ ሴንትራል ላይ በነጻ ይነበባል። የኢትዮጵያ ጤና ልማት መጽሔትም አለ። አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን የሚባለው ድረ ገጽ ደግሞ የአህጉራችንን መጽሔቶች አንድ ላይ ይዟል። ተማሪዎች እነዚህን ሲንቁ አያለሁ። አይገባም። በእኛ ውሃ፣ በእኛ ልጆች ላይ የተሠራው ጥናት ያለው እዚያ ነው።

ከዚያ ኮክሬን ላይብረሪ። ኮክሬን በአንድ ጥያቄ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስቦ፣ መዝኖ፣ አንድ መደምደሚያ የሚያወጣ ድርጅት ነው። ውሃ ላይ ፍሎራይድ ስለመጨመር ያወጣውን ግምገማ በ2024 አድሶታል። የፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና ከተስፋፋ ወዲህ፣ ውሃ ላይ መጨመሩ የሚሰጠው ጥቅም ከበፊቱ ሊያንስ እንደሚችል ይናገራል። አየሽ፣ አንቺ ያቀረብሽው ሐሳብ በመጣበት አገርም እንደገና እየተመዘነ ነው። ይህን ይዘሽ ሴሚናር ብትገቢ ማን ይስቅ ነበር?

እናትየዋ ለጠየቀችሽም መልስ አለ። ልጇ ጥርሱን ስላልፋቀ ወይም ስላልቦረሸ የመጣ አይደለም፤ መጀመሪያ ይህን ስሚ በያት፤ ብዙ እናቶች ራሳቸውን ይወቅሳሉና። አንዴ የበቀለውን ጥርስ ቀለም ሳሙና አይመልሰውም። ውሃ ማፍላት ፍሎራይድን አያወጣም፤ እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲሄድ የቀረው ይበዛበታል። የሚጠቅመው፣ ገና ጥርስ ለሚያወጡት ታናናሾቹ የሚጠጡትን ውሃ መቀየር ነው። ፍሎራይዱ ዝቅ ያለ ምንጭ፣ ወይም የዝናብ ውሃ። ውሃውን የሚያጣሩ ዘዴዎችም አሉ። አንዱ የከሰለ አጥንት ይጠቀማል። ሌላው ናልጎንዳ ይባላል፤ ከሕንድ የመጣ ነው፤ አሉም የሚባል ጨውና ኖራ ጨምሮ ፍሎራይዱን ያዘቅጣል። ሁለቱም በእኛ ስምጥ ሸለቆ ተሞክረዋል። የቱ ቦታ እንደሠራ፣ የቱ ቦታ ለምን እንደቆመ ከላይ በነገርኩሽ መንገድ አንብቢ።

ስለ ቆዩ መጻሕፍት ቅሬታሽ ግማሹ እውነት ነው። አናቶሚ ብዙ አይቀየርም። ነርቩ ትናንት ባለፈበት ዛሬም ያልፋል። ስለዚህ መደርደሪያ ላይ ያለውን የቆየ አናቶሚና ሂስቶሎጂ ሳታቅማሚ ተዋሺ። መድኃኒትና ዶዝ ግን ሌላ ነገር ነው። ለከባድ ወባ ድሮ የመጀመሪያው መድኃኒት ኩዊኒን የሚባለው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ለአዋቂዎች፣ በ2011 ለሕጻናት አርቴሱኔት የሚባለውን መድኃኒት አስቀደመ። ከዚያ በፊት የታተመ መጽሐፍ ይዞ ዎርድ የገባ ተማሪ ምን እንደሚል አስቢው። ለሕክምና ውሳኔ መጀመሪያ የምትከፍችው የጤና ሚኒስቴርን መደበኛ የሕክምና መመሪያ ይሁን። ለጠቅላላ ሆስፒታሎች የወጣው 4ኛ እትም የ2021 ነው። እዚህ አገር ፋርማሲ ውስጥ ያለውን መድኃኒት መሠረት አድርጎ የተጻፈ ነው። ራውንድ ላይም የሚጠይቁሽ በእሱ ነው።

ኔትወርክ ለሚያስቸግርሽ ጊዜ ደግሞ ኤምኤስዲ ማኑዋል የሚባለውን የሕክምና ማጣቀሻ የባለሙያ አፕ ጫኚ። ነጻ ነው። አንዴ በዋይፋይ ካወረድሽው ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ለዚህ ቦታ ለማግኘት የቴሌግራሙን ክምር አጥፊው። ምን እንዳለበት እንኳ የማታውቂው ፋይል ምን ያደርግልሻል? አንዳንዱ ማን እንደቀየረው፣ የስንተኛ እትም እንደሆነ አይታወቅም። ያለ አሳታሚው ፈቃድ የተባዛም ብዙ ነው።

ኤአይን የሚጠይቁ ተማሪዎችም በዝተዋል። ሐሳብ ለማብራራት ይረዳል፤ አልከለክልሽም። ግን የሌለ ጥናት፣ የሌለ ጸሐፊ ጠቅሶ እንደ እውነት ያቀርባል። የሰጠሽን ሪፈረንስ አንድ በአንድ ፐብሜድ ላይ ፈልጊ። ካላገኘሽው አትጥቀሺው።

መደርደሪያውንም አትፍሪው። አንዳንድ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ የሚደረድሩት በዲዊ ቁጥር ነው፤ ሕክምና 610 ላይ፣ ጥርስ 617.6 ላይ ነው። ሌሎቹ የአሜሪካውን የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ፊደላት ይከተላሉ። ግቢሽ የትኛውን እንደሚከተል አንዴ ብትጠይቂ፣ ኮምፒውተር ቢጠፋም መጽሐፍሽን ታገኛለሽ። አዲሱ ኤዲሽን አንድ ቅጂ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሪዘርቭ ላይ ይቀመጣል። ወደ ዶርም አይወጣም፤ እዚያው ለሰዓታት ይነበባል። «የለም» ብለሽ የተመለስሽው መጽሐፍ እዚያ ሊሆን ይችላል። በእርግጥም ከሌለ፣ ከክፍል ተወካያችሁ ጋር ሆናችሁ ለዲፓርትመንቱ በጽሑፍ አመልክቱ። ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ የሚገዛው ዲፓርትመንት ሲጠይቅ ነው። ማንም ያልጠየቀው መጽሐፍ በጀት አያገኝም።

ሌላም ጠይቁ። ለባቻችሁ የሂናሪና የፐብሜድ ስልጠና ይሰጣችሁ ዘንድ። ሪሰርች ፎር ላይፍ የስልጠና ጽሑፎቹን በነጻ ያቀርባል፤ የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ እነሱን ይዞ አንድ ከሰዓት ሊያስተምራችሁ ይችላል። ጥያቄው ከሠላሳ ተማሪ ሲመጣ እንቢ የሚል የለም።

የአክስትሽን ልጅ ላንሳ። ለእሱም መልሴ ያው ነው፤ አይግዛ። የእሱ ዩኒቨርሲቲ የራሱ የሂናሪ መግቢያ ሊኖረው ይገባል፤ የአንቺን አይጠቀም። የጥርስ ተማሪዎች «ለእኛ የሚሆን የለም» ይላሉ። አለ። ቢኤምሲ ኦራል ኸልዝ የሚባለው መጽሔት በሙሉ ለሁሉም ክፍት ነው። ኮክሬን የአፍ ጤና ግምገማዎች አሉት። ኤምኤስዲ ማኑዋልም ስለ ጥርስ ራሱን የቻለ ክፍል አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው የአፍ ጤና ሪፖርት 3.5 ቢሊዮን ያህል ሰዎች የአፍ በሽታ እንዳለባቸው ገልጿል፤ ከድረ ገጹ በነጻ ይወርዳል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ የተቦረቦረ ጥርስ የሚሞላበት ግላስ አዮኖመር ሲሚንቶና የጥርስ መበስበስን የሚያቆመው ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ በድርጅቱ የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። ያለ ኤሌክትሪክ፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ ጭምር ሊሠራባቸው የሚችሉ ናቸው። የቆየ መጽሐፉ ይህን አይነግረውም።

አዋጥታችሁ ልትከፍሉት በነበረው ብር ፈንታ ሥራ ተካፈሉ። የፍሉሮሲሱን ጥያቄ አንቺ ከውሃው በኩል አንብቢ፤ እሱ ከጥርሱ በኩል ያንብብ። የጉዳቱ ደረጃ እንዴት እንደሚለካ፣ የዲን መለኪያና እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የቲልስትሩፕና ፌየርስኮቭ መለኪያ በምን እንደሚለያዩ እሱ ያስረዳሽ። ከዚያ መምህርሽን «ያን ርዕስ እንደገና ላቅርበው?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ያን ጥያቄ የጠየቁሽ መልሱን እንድትፈልጊ ነው፤ ይፈቅዱልሻል ብዬ አምናለሁ።

ሂናሪ ላይ ግራ የሚያጋባሽ ነገር ካለ፣ የትኛው ገጽ ላይ ምን እንዳለሽ ጠቅሰሽ ጻፊልኝ። ፓስወርዱን ግን እንዳትልኪልኝ።